የአገሩን ሰርዶ በአገሩ በሬ
(ስለ ትናንሽ ከተሞች ፕላንና ስለ ነዋሪዎች አሳብ በሬዲዮ የተሰጠ ንግግር)



ዛሬ ላነጋግራችሁ የመጣሁበት ጉዳይ በስሙ ብቻ ቢጠሩት ደረቅ የሚመስል ነው። ይኸውም የአንዲት ትንሽ ከተማ ፕላን በሚወጣበት ጊዜ የነዋሪዎቿ አሳብ እንዴት ሊጠየቅ፣ እንዴት ሊሰማና እንዴት መልስ ሊያገኝ እንደሚገባው ነው። ነገሩ የወረቀትና የቀለም ሥራ ብቻ ይመስላል እንጂ ከየሰው ደጃፍ የሚደርስ ጉዳይ ነው። በካርታ ላይ አንዲት መሥመር ስትሰመር አንዱ ሰው ጓሮውን ያጣል፤ ሌላው ከደጁ መንገድ ያገኛል፤ ሦስተኛው ደግሞ አባቱ ከተቀበረበት ሥፍራ አጠገብ የገበያ አዳራሽ ሲሠራ ያያል። መሥመሩን የሚያሰምረው ሰው ግን ብዙውን ጊዜ ከሦስቱ አንዱንም አያውቅም።

ነገሬን ከአንዲት ቦታ ለመጀመር እወዳለሁ። ከደብረ ብርሃን ወደ ምሥራቅ ተጉዛችሁ አንኮበር ከደረሳችሁ በኋላ ወደ ቆላው ቁልቁል ብትመለከቱ፣ ደጋው ወደ አዋሽ ሸለቆ በሚወርድበት ገደላ ገደል መካከል አሊዩ አምባ የምትባል ትንሽ ከተማ ትገኛለች። ዛሬ ስሟን ብዙ ሰው ላያውቀው ይችላል። ነገር ግን በንጉሥ ሣህለ ሥላሴ ዘመን አሊዩ አምባ የሸዋ ዋና የንግድ በር ነበረች። ከታጁራና ከሐረር የሚመጣው ቅፍለት የሚያርፈው እዚያ ነበር። ከአሳል ሐይቅ የመጣው ጨው፣ ከባሕር ማዶ የመጣው ጨርቅ፣ ከውስጥ አገር የወረደው ቡናና የዝሆን ጥርስ የሚገናኙት እዚያ ነበር። በዚያ ዘመን የሰው ልጅም እንደ ዕቃ ይሸጥ እንደ ነበረ መሸሸግ አይገባም። በ1833 ዓ.ም. ከእንግሊዝ የህንድ መንግሥት ተልኮ የመጣው ካፒቴን ሐሪስ ስለ ዓርብ ገበያዋ ጽፏል፤ በተከታዩ ዓመትም ቻርልስ ጆንስተን የተባለ እንግሊዛዊ ሐኪም ከዚያው ከተማ ቤት ይዞ ተቀምጦ ነበር። በገበያዋ አማርኛና አርጎብኛ፣ አፋርኛና ሐረሪኛ ይነገርባት ነበር።

እንግዲህ ልብ እንበል። ያችን ከተማ በወረቀት የነደፈ ሰው አልነበረም። ነገር ግን ያለ ሥርዓት የተቀመጠች አልነበረችም። ግመል የደጋውን አቀበት ስለማይችለው የቆላው ጭነት ከዳገቱ ግርጌ ወርዶ በበቅሎ፣ በአህያ ወይም በሰው ትከሻ ወደ ላይ ይወጣ ነበር። ስለዚህ ቅፍለቱ የት እንደሚያርፍ፣ ገበያው የት እንደሚቆም፣ ሰው የት እንደሚኖር የወሰነው የመሬቱ አቀማመጥ፣ የውኃው መገኛና የነዋሪዎቹ ልማድ ነበር። ዛሬ እኛ በቀለም ለይተን «የንግድ ቦታ፣ የመኖሪያ ቦታ፣ የትራንስፖርት ቦታ» የምንለውን እነዚያ ሰዎች በእግራቸው ለይተውት ነበር ማለት ነው።

ከዚያ በኋላ የሆነው ምንድን ነው? ምኒልክ መናገሻቸውን ከአንኮበር ወደ እንጦጦ አዛወሩ፤ በ1879 ዓ.ም. አዲስ አበባ ተቆረቆረች። የምድር ባቡሩ ከጅቡቲ ተነሥቶ በ1895 ዓ.ም. ድሬዳዋ ደረሰ፤ በ1909 ዓ.ም. ደግሞ አዲስ አበባ ገባ። የንግዱ ጎዳና ሌላ ሆነና የአሊዩ አምባ ገበያ ቀዘቀዘ። ባቡሩ ለአገር የሚጠቅም ሥራ እንደ ሆነ የሚክድ የለም። ነገር ግን የትናንሽ ከተሞች ዕድል ከሩቅ በተሰመረ መሥመር እንደሚወሰን ከዚህ የበለጠ ምሳሌ አይገኝም። የአሊዩ አምባን ነጋዴ «ይህ መሥመር በዚያ ቢያልፍ ምን ትሆናለህ?» ብሎ የጠየቀው አልነበረም። ያ ዘመን ሰው የማይጠየቅበት ዘመን ነበረ እንበል። የእኛስ ዘመን?

ፕላን ምን እንደ ሆነ በአጭሩ ላስረዳ። የመሬት አጠቃቀም ፕላን ማለት አንድን ከተማና ዙሪያዋን ከፋፍሎ እያንዳንዱ ክፍል ለምን ሥራ እንደሚውል አስቀድሞ የሚወስን ሰነድ ነው። ቢጫ የተቀባው ለመኖሪያ፣ ቀይ የተቀባው ለንግድ፣ አረንጓዴው ለመናፈሻና ለደን ይሆናል። ይህ አሠራር በዓለም ላይ የቆየ ነው። በጀርመን አገር የፍራንክፈርት ከተማ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1891 ዓ.ም. ከተማዋን በክልል ከፍላ ደንብ አወጣች። ኒው ዮርክም በ1916 ዓ.ም. ፎቆች እየረዘሙ የጎረቤትን ፀሐይና አየር መከልከላቸውን ባየች ጊዜ እንዲሁ አደረገች። የአሳቡ መሠረት መልካም ነው። ቆዳ ፋብሪካው ከትምህርት ቤቱ አጠገብ እንዳይቆም፣ ጎርፍ በሚሄድበት ቦይ ላይ ቤት እንዳይሠራ፣ መንገድ ሳይተውለት መንደር እንዳይጠብብ የሚያደርገው ፕላን ነው። ስለዚህ ፕላንን የምቃወም ሰው አለመሆኔን አስቀድሜ ለማስታወቅ እወዳለሁ። የምናገረው ፕላኑ ከማን ዕውቀት ጋር መሠራት እንዳለበት ነው።

በዚህ ነገር የአገራችን ሕግ ዝም አላለም። በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 43 ዜጎች በልማት የመሳተፍ፣ በተለይም ማኅበረሰባቸውን በሚነኩ ፖሊሲዎችና ፕሮጀክቶች ላይ አሳባቸውን የመስጠት መብት እንዳላቸው ይናገራል። በአንቀጽ 92ም በቀጥታ የሚመለከታቸው የአካባቢ ሥራ ሲታቀድና ሲፈጸም ሕዝቡ አሳቡን ሊሰጥ እንደሚገባው ይደነግጋል። በ2000 ዓ.ም. የወጣው የከተማ ፕላን አዋጅ ቁጥር 574 ደግሞ ነዋሪዎች በግልጽነትና በውይይት መንገድ የፕላኑ ሥራ ተካፋዮች እንዲሆኑ ማድረግን ከመሠረታዊ መርሖዎቹ አንዱ አድርጎ ቆጥሮታል። ይኸው አዋጅ ማዘጋጃ ቤት የተቋቋመበትን ቦታ፣ ወይም 2,000 ሰውና ከዚያ በላይ የሚኖርበትንና ከሠራተኛው ሕዝብ ግማሹ ከእርሻ ውጭ በሆነ ሥራ የሚተዳደርበትን ቦታ ከተማ ብሎ ይጠራዋል። መዋቅራዊ ፕላንም አንድ ጊዜ ከጸደቀ ለ10 ዓመት ያገለግላል። አሥር ዓመት ማለት ዛሬ አንደኛ ክፍል የገባ ልጅ አሥረኛ ክፍልን እስኪጨርስ ማለት ነው። ባንድ ጧት ስብሰባ የተሠራ ስሕተት ይህን ያህል ዘመን ከሰው ጋር ይኖራል።

ሕጉ እንዲህ ከሆነ ጉድለቱ ከምን ይመጣል? ከዚህ ላይ ስለ ሌላ ሰው ከመናገር ይልቅ ስለ ራሴ መናገር ይሻለኛል።

ከብዙ ዓመት በፊት፣ ገና ወጣት ጸሐፊ ሳለሁ፣ ስሟን ወደማልጠራት አንዲት ትንሽ የቆላ ከተማ ከፕላን አዘጋጆች ጋር ተልኬ ነበር። የእኔ ሥራ ቃለ ጉባኤ መያዝና የተሰብሳቢዎችን ፊርማ ማሰባሰብ ነበር። ካርታው ከከተማው ጎን ያለውን አንድ ሰፊ ሜዳ ቀይ ቀለም ቀብቶት ነበር፤ የአውቶቡስ መናኸሪያና የሱቅ ቦታ እንዲሆን ነው። ሕዝቡ በትምህርት ቤቱ ውስጥ ተሰበሰበ። የስብሰባው መሪ ንግግሩን ከፈጸመ በኋላ «ጥያቄ ያለው?» አለ። ብዙ ጊዜ ዝም ተባለ። በመጨረሻ አንድ ሽማግሌ ከወደ ኋላ ተነሥተው፣ በምርኩዛቸው ወደ ካርታው እያመለከቱ፣ «ልጆቼ፣ ሁሉም መልካም ነው፤ ውኃውስ ወዴት ይሂድ?» አሉ። ጥቂት ሰዎች ሳቁ። መሪውም «አባቴ፣ የውኃ ጉዳይ የሚመለከተው ሌላ መሥሪያ ቤት ነው» ብሎ መለሰላቸው። ሽማግሌው ተቀመጡ። ስብሰባውም አበቃ።

ከዚህ በኋላ ያደረግሁትን ልናገር። በቃለ ጉባኤው ላይ «ተሰብሳቢዎቹ ፕላኑን በሙሉ ድምፅ ተቀብለውታል» ብዬ ጻፍሁ። የሽማግሌውን ጥያቄ አልጻፍሁትም። እንዳልጽፈው ያዘዘኝ ሰው አልነበረም፤ ከጉዳዩ ጋር የሚገናኝ ስላልመሰለኝ ብቻ ነው የተውሁት። መሬቱ የተለካው በጥር ወር ነበርና ሜዳው ደረቅ ነበር። በሦስተኛው ክረምት ግን በደጋው የጣለው ዝናብ ወርዶ፣ እኛ ሜዳ ያልነው ቦታ የቀድሞው የጎርፍ መሄጃ መሆኑን አሳየ። የጥቂት ነጋዴዎች ዕቃና የዓመት ልፋት በአንድ ሌሊት ተወሰደ። እኒያ ሽማግሌ በዚያን ጊዜ በሕይወት አልነበሩም። «ማን አስቀድሞ ተናገረ?» ተብሎ መዝገቡ ሲገለጥ ቃላቸው ከውስጡ አልተገኘም፤ እኔ ስላላስገባሁት ነው። ብዙ ሰነድ ጽፌአለሁ፤ ሳስበው የሚከብደኝ ግን ያልጻፍሁት ያ አንድ መሥመር ነው።

ይህን የነገርኋችሁ ጸጸቴን ለማሰማት ብቻ አይደለም። ይህን ንግግር ከሚሰሙትና ከሚያነቡት ብዙዎቹ እንደ እኔ የመንግሥት ሠራተኞች ስለ ሆኑ ነው። ካርታውን ተሸክሞ የሚሄደው፣ ስብሰባውን የሚጠራው፣ ቃለ ጉባኤውን የሚጽፈው ከእናንተ አንዱ ነው። ሕጉ የነዋሪው አሳብ ይሰማ ሲል፣ ያ አሳብ ወረቀት ላይ የሚሰፍረው ወይም የሚቀረው በእናንተ ብዕር ነው።

አሁን ወደ አሊዩ አምባና መሰሎቿ ልመለስ። በገደል ወገብ ላይ ለተቀመጠ ከተማ የመሬቱን ጠባይ ማወቅ ከሁሉ ይቀድማል። በ1998 ዓ.ም. መግቢያ በዚያው በሰሜን ሸዋ፣ በደብረ ሲና አጠገብ በይዛባ ወይን አካባቢ መሬት ተንሸራትቶ ብዙ ቤት ማፍረሱንና በሺህ የሚቆጠር ሰው ማፈናቀሉን የምናስታውሰው ነው። የጂኦሎጂ ባለሙያዎች የዚያን ተዳፋት አለትና አፈር አጥንተው ብዙ ጽፈዋል፤ ጥናታቸውም የፕላን ሥራ መሠረት ሊሆን ይገባዋል። ነገር ግን ባለሙያው የሚመጣው ለጥቂት ሳምንት ነው። የትኛው እርሻ በየክረምቱ እንደሚሰነጠቅ፣ የትኛው ምንጭ ባለፈው ዓመት ቦታውን እንደ ለወጠ፣ ዛፎቹ ወደ አንድ ወገን የሚያዘነብሉበት ቁልቁለት የትኛው እንደ ሆነ የሚያውቀው እዚያው የሚያርሰው ሰው ነው። አባቶቻችን «የአገሩን ሰርዶ በአገሩ በሬ» ያሉት ይህን የመሰለውን ነገር ነው። ሰርዶ የበዛበትን መሬት ፈንቅሎ ለማረስ የዚያው አገር በሬ ያስፈልጋል፤ ከሌላ አገር የመጣ በሬ ቢበረታም እንኳ መሬቱን አልለመደውም። እንግዲህ ባለሙያው ከነሞፈሩ ይምጣ፤ ቀንበሩን ግን ከአገሩ በሬ ጋር ይጠመድ።

ይህ እንደሚቻል የሚያሳይ ምስክር ከራሳችን አገር አለን። በአማራ ክልል ከ1995 ዓ.ም. ጀምሮ የገጠር መሬት ይዞታ ሲመዘገብ፣ በየቀበሌው ሕዝቡ ራሱ የመረጣቸው የኮሚቴ አባሎች ነበሩ። ማሳው ሲለካ የድንበር ጎረቤቶች ባሉበት ነበር የሚለካው። «ወሰኑ ይህ ነው» ሲባል ጎረቤቱ ወይ ይስማማል ወይ እዚያው ይቃወማል። ክርክሩም ብዙውን ጊዜ በሽማግሌ እዚያው ያልቃል። ሥራው ጉድለት አልነበረበትም አልልም። ነገር ግን ብዙ ገንዘብ የሚጠይቅ መሣሪያ ሳይኖር እጅግ ብዙ ማሳ በጥቂት ዓመታት ሊመዘገብ የቻለው የነዋሪው ዓይንና ቃል እንደ መለኪያ ስለ ተቆጠረ ነው። ለማሳ የተቻለ ነገር ለከተማ ፕላን የማይቻልበት ምክንያት አይታየኝም።

ተቃራኒውንም ማስታወስ ይገባል። የአዲስ አበባና በዙሪያዋ ያለው የኦሮሚያ ልዩ ዞን የተቀናጀ ማስተር ፕላን በ2006 ዓ.ም. በወጣ ጊዜ፣ መሬታችን ሊወሰድ ነው ብለው የሰጉ ሰዎች ተቃውሞ አስነሡ። በ2008 ዓ.ም. ተቃውሞው እንደ ገና ተነሥቶ ሰፋ፤ የብዙ ሰው ሕይወትም ጠፋ። በመጨረሻ በጥር 2008 ዓ.ም. ፕላኑ ቀረ ተባለ። የዚያ ነገር ምክንያት ብዙና የተወሳሰበ እንደ ሆነ አውቃለሁ፤ ሁሉንም በፕላን ላይ ልጭነው አልልም። ከዚያ ግን ለሁላችን የሚሆን አንድ ትምህርት እናገኛለን። ሰው ስለ መሬቱ ከጎረቤት ወሬ ከሰማና ከመሥሪያ ቤቱ ካልሰማ፣ ወሬውን ያምናል። ፕላኑ ውስጥ መልካም አሳብ ቢኖርም እንኳ ከዚያ በኋላ የሚያደምጠው አይኖርም።

አንዳንድ ሰዎች ግን ይህን አሳብ በሦስት ነገር ይቃወሙታል፤ ክርክራቸውም ንቀት የሚገባው አይደለም። የመጀመሪያው፣ «ሕዝቡ ካርታ ማንበብ አይችልም» የሚለው ነው። እውነት ነው፤ ብዙ ሰው የካርታ ቀለምና ቁጥር ግር ይለዋል። ነገር ግን ያው ሰው በጨለማ ተነሥቶ ከቤቱ እስከ እርሻው ያለውን እያንዳንዱን ድንጋይ ያውቃል። የተቸገረው ካርታውን ማንበብ እንጂ አገሩን ማንበብ አይደለም። ስለዚህ ካርታው ላይ «ብሎክ ሦስት» ከሚባል «ከዋርካው በታች ያለው ሜዳ» ቢባል፣ ከአዳራሽ ይልቅም በቦታው ላይ እየተዘዋወሩ ቢነጋገሩ ችግሩ ግማሹ ይቃለላል።

ሁለተኛው ክርክር፣ «ሁሉም ስለ ራሱ ቦታ ብቻ ይናገራል፤ የጋራውን ጥቅም የሚያስብ የለም» የሚለው ነው። ይህም ከእውነት የራቀ አይደለም። ድምፁ ከፍ ያለው፣ ዘመድ ያለው፣ መሬት ገዝቶ ለመሸጥ የሚያደፍጠው ደላላ ስብሰባውን ሊይዘው ይችላል። መልሱ ግን ስብሰባውን መተው ሳይሆን የሚጠየቁትን ሰዎች ማብዛት ነው። ጥቂቶች ብቻ ከተጠየቁ ጥቂቶች ያሸንፋሉ። መንገድ ደግሞ ያለ ሰው ጓሮ አያልፍም፤ የሚጎዳ ሰው መኖሩ አይቀርም። ያንን ሰው በግልጽ ቀርቦ «ያንተ ቦታ ለዚህ ሥራ ያስፈልጋል፤ ካሣህም ይህ ነው» ማለት ባለሙያውን የሚያስከብረው ነው። በ2011 ዓ.ም. የወጣው የመሬት ይዞታ ማስለቀቂያና የካሣ አዋጅ ቁጥር 1161 ተነሺዎችን ይዞታቸውን ከማስረከባቸው ቢያንስ አንድ ዓመት አስቀድሞ ማነጋገር እንደሚገባ ያዘዘው በዚህ ምክንያት ነው።

ሦስተኛው፣ «ጊዜ የለንም፤ በጀቱ ሳያልቅ ሥራው ማለቅ አለበት» የሚለው ነው። ለዚህ ደግሞ «የቸኮለች አፍሳ ለቀመች» ከሚለው ተረት የተሻለ መልስ የለኝም። የፈሰሰውን መልቀም ሁለት ጊዜ መሥራት ነው። ከላይ የነገርኋችሁ መናኸሪያ በአንድ ጧት ስብሰባ ጸደቀ፤ ቦታውን ለመለወጥ ግን ዓመታት ፈጀ።

በሌላም አገር ይህ ጉዳይ ያለ ትግል የተገኘ አይደለም። በእንግሊዝ አገር ሕዝቡ ሰፈሩ ሲፈርስና ሲሠራ ከተመልካችነት ያለፈ ድርሻ የለኝም ብሎ ማጉረምረም በጀመረ ጊዜ፣ መንግሥቱ ስኬፊንግተን በሚባሉ ሰው የሚመራ ኮሚቴ አቋቁሞ ነበር። ኮሚቴው እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1969 ዓ.ም. ባወጣው መግለጫ ሕዝቡ ፕላኑ ሳያልቅ እንዲያውቀው፣ አሳቡንም እንዲሰጥ መከረ። ከምክሩ ሁሉ እኔ የምወደው ግን አንዱን ነው። ይኸውም አሳብ የሰጠ ሰው አሳቡ ምን እንዳስገኘ፣ ወይም ለምን እንዳልተቀበሉት ሊነገረው ይገባል የሚለው ነው። በዚያው አገር እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ2011 ዓ.ም. የወጣው ሕግ ደግሞ የአንድ ሰፈር ሰዎች የሰፈራቸውን ፕላን ራሳቸው አዘጋጅተው በድምፅ እንዲያጸድቁት እስከ መፍቀድ ደረሰ። እኛ የሌላውን አገር ሥርዓት እንዳለ እንገልብጥ አልልም። ነገር ግን ለጠያቂ መልስ መስጠት የየትኛውም አገር ጨዋነት ነው።

ስለ ስብሰባ ደግሞ ከራሳችን ታሪክ የምንማረው አለ። በቀድሞው ዘመን አውጫጭኝ ወይም አፈርሳታ የሚባል ሥርዓት ነበር። ወንጀል ሲፈጸም የአገሩ ሰው ሁሉ ተሰብስቦ ወንጀለኛው እስኪታወቅ ድረስ እንዳይበተን ይደረግ ነበር። የቀረም መቀጫ ይከፍል ነበር። ለዚያ ዘመን የፍርድ ሥራ ይጠቅም ነበር ይባላል። ሆኖም የመንግሥት ስብሰባ ማለት ተጠርጣሪ ሆኖ መቀመጥ ነው የሚል ስሜት ከሰው ልብ በቶሎ አይወጣም። ዛሬም «ስብሰባ አለ» ሲባል አንዳንዱ ሰው የሚያስበው ምን ሊጠየቅ እንደ ሆነ ሳይሆን ምን ሊወሰድበት እንደ ሆነ ነው። ስለዚህ ዝም ሲል ተስማማ ብለን አንጻፍበት። ዝምታን እንደ ፊርማ መቁጠር ተገቢ አይደለም።

እንግዲህ ውድ አንባቢ፣ ነገ ወደ አሊዩ አምባ ወይም ወደ መሰሏ ከተማ ካርታ ይዘህ ብትላክ ምን ታደርጋለህ? ልምዴን መሠረት አድርጌ የሚከተለውን እመክርሃለሁ።

አንደኛ፣ ካርታውን ቀለሙ ሳይደርቅ ይዘህ ሂድ። ያለቀ ሥራ አሳይተህ አሳብ ብትጠይቅ የምትጠይቀው አሳብ ሳይሆን ጭብጨባ ነው። ሁለተኛ፣ ቀኑን እወቅ። ገበያና የጁምዓ ጸሎት በአንድ ቀን በሚውሉበት አገር በዚያ ቀን ስብሰባ ብትጠራ ማንንም አታገኝም። ነገር ግን በዚያው ቀን ካርታውን በገበያው ዳር ብትዘረጋው፣ ከየመንደሩ የመጣው ሰው ሁሉ ያየዋል። ጨውና ከብት ይዞ ከቆላ የመጣውን አርብቶ አደርም አትርሳው። ቤቱ በከተማው ክልል ውስጥ ባይሆንም መንገዱና ገበያው የእርሱም ነው። ሦስተኛ፣ ሴቶችን ለብቻቸው ጠይቅ። ውኃ የሚቀዳበትን መንገድ፣ በማታ የሚያስፈራውን መተላለፊያ፣ ልጅ የሚወድቅበትን ገደል ከእነርሱ የበለጠ የሚያውቅ የለም። በአዳራሽ ውስጥ ግን ባሎቻቸውና ሽማግሌዎቹ ባሉበት ብዙ አይናገሩም። ተከራዩንም ጠይቅ፤ የይዞታ ደብተር የለውምና ማንም አይጠራውም፤ ሰፈሩ ሲፈርስ ግን ያለ ካሣ የሚወጣው እርሱ ነው።

አራተኛ፣ መስጊዱንና ቤተ ክርስቲያኑን፣ የቀብሩንም ቦታ፣ የጥንቱን የቅፍለት መንገድ ከቀለሙ በፊት በካርታው ላይ አስገባ። የድሮ ነገር ሁሉ ሳይነካ ይቀመጥ ማለቴ አይደለም። ነገር ግን ያላወቅኸውን ነገር ስታፈርስ ማፍረስህንም አታውቅም። አምስተኛ፣ የተባለውን ሁሉ ጻፍ። ትክክል የመሰለህንም ስሕተት የመሰለህንም፣ ከጉዳዩ ጋር የማይገናኝ የመሰለህንም ጻፍ። በጎኑም መልሱን ጻፍ፤ «ተቀብለነዋል፤ በዚህ ቦታ ገብቷል» ወይም «አልተቀበልነውም፤ ምክንያቱም ይህ ነው» በል። ስድስተኛውና የመጨረሻው፣ ተመለስ። የጸደቀውን ፕላን በማዘጋጃ ቤቱ ግድግዳ ላይ ሰው በሚያየው ቦታ ስቀለው፤ አሳባቸውን የሰጡትንም ሰዎች ጠርተህ አሳያቸው። ለጥያቄ ሄዶ ለመልስ የማይመለስ ሰው ሁለተኛ ጊዜ እውነቱ አይነገረውም።

የነዋሪውም ግዴታ አለ። ተጠይቆ ዝም ያለ ሰው በኋላ ቢያማርር ፍርዱ ይጎድልበታል። ለጎረቤቱ በጠላ ቤትና በቡና ላይ የሚናገረውን በስብሰባው ላይ መናገር አለበት። ዕድሩ፣ የገበሬው ማኅበር፣ የነጋዴዎቹ ኅብረት ቃላቸውን በጽሑፍ አድርገው ቢያቀርቡት ደግሞ ማንም ሰው እንደ እኔ ሊዘለው አይችልም። ስለ ራሱ ቁራሽ መሬት ብቻ ሳይሆን ልጆቹ ስለሚሄዱበት መንገድም ማሰብ ይገባዋል። ባለሙያው «ይህ ቦታ ጎርፍ ያጠቃዋል፤ ቤት አይሠራበትም» ሲለውም ቅር ቢለው እንኳ መስማት አለበት።

አሊዩ አምባ በአንድ ወቅት የብዙ አገር ሰው የሚገናኝባት፣ ጭነት የሚወርድባትና የሚጫንባት ቦታ ነበረች። የጥንቱ ቅፍለት ባይመለስም መንገድና መብራት፣ ትምህርት ቤትና ጤና ጣቢያ፣ ገበያና መናኸሪያ ለማንኛዋም ከተማ ያስፈልጋታል። እነዚህ ሁሉ መሬት ይፈልጋሉ፤ መሬቱም ባዶ አይደለም፤ በእያንዳንዱ ጥማድ ላይ የአንድ ሰው ድካም አለበት። ስለዚህ መሥመሩ ይሰመር፤ ነገር ግን የሚያሰምረው እጅ አስቀድሞ የአካባቢውን ሰው ጠይቆ ይሁን።

ከኋላ ተቀምጠው «ውኃውስ ወዴት ይሂድ?» የሚሉ ሽማግሌ በየስብሰባው አይጠፉም። በሚመጣው ጊዜ ሲነሡ እባካችሁ ብዕራችሁን አንሡና ቃላቸውን ጻፉት።